የሰፈር እድር ሲመዘን፦ ጥሩምባው፣ ድንኳኑ፣ ደንቡ

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሰው ቤቱ ውስጥ አረፈ እንበል። ከዚያች ሰዓት አንስቶ ለቅሶ ደራሹ ግቢውን እስከሚሞላበት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ያሉት 8 ሰዓታት የእድር ፈተና ናቸው። በእነዚህ ሰዓታት ጥሩምባ ነፊው ተቀስቅሶ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተገኝቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ መቃብር ተቆፍሮ፣ ለንፍሮው እሳት ካልነደደ፣ በኋላ የሚሰጠው ብር የቱንም ያህል ቢሆን እድሩ ወድቋል። አዲስ ሰፈር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይከፍላል?" ብሎ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ቦታው ግን አራተኛ ነው።

እዚህ የሚመዘነው የአዲስ አበባ የሰፈር እድር ነው፤ የወንዶቹም የሴቶቹም። ለመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከእርሱ የተሻለ አገልግሎት በዚህ ከተማ በገንዘብ ተፈልጎ አይገኝም። ድንኳን አከራይ ድንኳን ያመጣል፤ ከሐዘንተኛ ጋር የሚያድር ሰው አያመጣም። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ግን እድር ቶሎ ይሳሳል። የቀረው ሸክም የሚወድቀው ወረዳው፣ የጡረታው መሥሪያ ቤትና የጤና መድኑ ላይ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የሚያውቁት ወረቀት ብቻ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ የሚቸገረው ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገርባት ክፍተት ውስጥ ነው።

ከመልእክቱ እንጀምር። ጥሩምባ ነፊ ያለው እድር እየቀነሰ፣ በቴሌግራም ግሩፕና በስልክ መልእክት የሚጠራራው እየበዛ ነው። ለቀን ሞት ቴሌግራም ይበልጣል፦ ሥራ ቦታ ያለውንም ሰው ይደርሳል፣ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ በጽሑፍ ይይዛል። ሌሊት ግን ስልኩን ድምፅ አጥፍቶ የተኛው አባል መልእክቱን የሚያየው ቢሮ ገብቶ ሻይ ሲያዝ ነው። ጥሩምባው ወይም የእጅ ድምፅ ማጉያው ንጋት 11 ሰዓት ላይ በየቅያሱ ሲያልፍ ዳታ የሌላቸው እናትም ይሰማሉ። ሁለቱንም የያዘ እድር ይሻላል። የዳኛው፣ የጸሐፊውና የዕቃ ቤት ኃላፊው ስልክ በአባልነት ደብተሩ ላይ መጻፉንም ተመልከቱ። ደብተሩ ላይ ያለው ስልክ ከሁለት ዓመት በፊት የተለወጠው የቀድሞው ጸሐፊ ስልክ ከሆነ ሌላውንም ነገር ገምቱት።

አሁን ወደ ዕቃ ቤቱ። አባል ከመሆናችሁ በፊት "ዕቃ ቤቱን አሳዩኝ" ማለት ነውር አይደለም፤ ደህና እድር ደስ ብሎት ያሳያል። ድንኳኑ ሸራ ነው ወይስ ፕላስቲክ? ሸራ አየር ያሳልፋል፣ ቀን ላይ ውስጡ አያፍንም፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ከውስጥ በኩል ራስ ወይም ትከሻ የነካው ቦታ ደግሞ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ፕላስቲኩ ቀላል ነው፣ ዝናብም አያስገባም፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን እንደ ምድጃ ይግላል፣ ሌሊት የሰው ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይንጠባጠባል። ለክረምት ፕላስቲክ፣ ለበጋ ሸራ ያለው እድር አቅም ያለው ነው። አንድ ብቻ ካለ ሸራው ይመረጣል፣ በአንድ ሁኔታ፦ "ከዝናብ በኋላ የት ነው የምታሰጡት?" ስትሉ መልስ ካላቸው። በሐምሌ ለቅሶ እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሸራ በቀናት ውስጥ ይሻግታል፤ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ስፌቱ ነው፣ በመስከረም ሲዘረጋ ከስፌቱ ይተረተራል። መጥፎ ጠረኑ ደግሞ ድንኳኑ ሳይዘረጋ ከበር ላይ ይቀበላችኋል።

የመንገዶቹ መለወጥ ያመጣው ሌላ ችግር አለ። ካስማ የሚገባው አፈር ውስጥ ነው። በአስፋልትና በኮብልስቶን ላይ ካስማ ልምታ ያለ ሰው ወይ ድንጋዩን ይነቅላል ወይ ካስማውን ያጣምማል። መፍትሔው ክብደት ነው፦ አሸዋ የሞላበት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ወይም ያረጀ ጎማ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልቶ መሐሉ ላይ የብረት ቀለበት መትከል ይቻላል። ለእያንዳንዱ ገመድ አንድ ያስፈልጋል። በውሃ የተሞላ ጀሪካን አይበቃም፤ ክብደቱም ያንሳል፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ ቡና የምታፈላው ሴት ቀድታ ትጨርሰዋለች። ነፋስ የገለበጠው ድንኳን ሐዘን ላይ ሐዘን ነው፤ ምሶሶው የብረት ቱቦ ስለሆነ ጭንቅላት ይፈነክታል።

ስፋቱን በቁጥር አስቡት። 5 በ10 ሜትር የሆነ ድንኳን 50 ካሬ ሜትር ነው፤ መተላለፊያውን ጨምሮ ለአንድ ተቀማጭ ከ0.6 እስከ 0.7 ካሬ ሜትር ቢያዝ ከ70 እስከ 80 ሰው ይይዛል። 200 አባል ያለው እድር እንዲህ ያለ ሁለት ድንኳን ከሌለው የቀብሩ ዕለት ግማሹ ሰው ፀሐይ ላይ ይቆማል። መቀመጫው ላይ ክርክር አለ። የፕላስቲክ ወንበር ለመሸከም ቀላል ነው፣ ግን እግሩ ይሰነጠቃል፣ በኮብልስቶን ላይ ይንገዳገዳል፣ ቁጥሩም በየለቅሶው ይጎድላል። አግዳሚ ከባድ ነው፣ ሆኖም ባለ 2 ሜትሩ 4 ሰው ያስቀምጣል፣ ለመቁጠር ይቀላል፣ ማንም ብብቱ ሥር ይዞት አይሄድም። በሐዘን ቤት ደግሞ ሰው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ያምርበታል።

ዕቃ ቤቱን ስታዩ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ "ለሠርግ ታከራያላችሁ?" ብዙ እድር ያከራያል፤ ገቢው መዋጮ ይቆጥባል፣ እሰየው። ችግሩ የሚመጣው በጥርና በሚያዝያ ነው። ቅዳሜ ሁለቱም ድንኳኖች ሠርግ ቤት ሄደው አርብ ሌሊት ሰው ይሞታል። "ግማሹ ዕቃ ምንጊዜም አይከራይም" የሚል አንቀጽ ደንቡ ውስጥ ያለው እድር ይህን አይቶ የተማረ ነው። ቁልፉም ቢያንስ በሁለት ሰው እጅ ይሁን። ዕቃ ቤት ኃላፊው ለክርስትና ክፍለ ሀገር ሄዶ በር የተሰበረበት እድር ብርቅ አይደለም።

የሴቶቹ እድር በግምገማ ሁሌም ወደ ጓሮ የሚገፋ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ድንኳኑ ባዶ ሸራ ነው። ከቀብር መልስ ንፍሮው መድረስ አለበት። ለ100 ሰው 10 ኪሎ ደረቅ እህል ይበቃል። ሞት ቀጠሮ ስለማይሰጥ ሽምብራውን ቀድሞ ለመዘፍዘፍ ጊዜ የለም፤ ስንዴና ሽምብራ ደግሞ እኩል አይበስሉም። በአንድ ድስት አብሮ የጣደ አንዱን አላሽቆ ሌላውን ጥሬ ያወጣል፣ ስለዚህ ለየብቻ ቀቅሎ በመጨረሻ መቀላቀል ነው። ለምሳ በሰው አንድ ተኩል እንጀራ ቢታሰብ 150 እንጀራ ይሆናል፤ ከ30 ቤት አምስት አምስት ቢመጣ ይሞላል። እዚህ ላይ የሚያበላሸው "ሁሉም ያምጣ" የሚለው ነው። ሁሉም ያምጣ ሲባል በመጀመሪያው ቀን እንጀራ ተርፎ ይደርቃል፣ በሦስተኛው ቀን ከሱቅ ይገዛል። በተራ የተጻፈ ዝርዝር ያላት ጸሐፊ ይህን ታድናለች። ወጡ ምስር፣ ክክና ሽሮ መሆኑም ከቁጠባ ያለፈ ጥበብ አለው፦ ጾም ሆነ ፍስክ፣ ክርስቲያን ሆነ ሙስሊም፣ ከአንድ ድስት ይበላል። የተደባለቀ ሰፈር እድር ይህን ካልጠበቀ የዕርዱ ጥያቄ በለቅሶ መሐል ይነሣል። ሙስሊም አባላት ያሉበት እድር ከሆነ የሥራ ቡድኑ ፍጥነትም ይለያል፤ ጀናዛ በተቻለ መጠን በዚያው ቀን ስለሚቀበር ድንኳኑ ሳይደርስ ቆፋሪው መድረስ አለበት።

ክርስቲያን ቤተሰብን በሌሊት የሚያስደነግጠው ሌላ ጉዳይ የቀብር ቦታ ነው። እድሩ ሰው ይልካል፣ ያስቆፍራል፤ ቦታውን የሚሰጠው ግን ደብሩ ነው፣ ደብሩ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ ክፍያ መዝገብ ያያል። ውዝፉ ለዓመታት ከተጠራቀመ ፍትሐቱ ከመድረሱ በፊት ሒሳብ ይጠየቃል። ይህ የእድሩ ጥፋት አይደለም፤ አባላቱን በዓመታዊ ስብሰባ "ደብተራችሁን አድሱ" ብሎ የማያስታውስ እድር ግን ሥራውን በግማሽ ትቶታል።

ደንቡን ራሳችሁ አንብቡት፣ ሰው እንዲያስረዳችሁ አትጠብቁ። ሦስት ነገር ፈልጉ። "ቤተሰብ" ማለት ማን ነው? ባል፣ ሚስትና ልጆች ሁሉ ጋ አሉ፤ የሚለያየው ወላጅ፣ አማት፣ ወንድምና እህት፣ አብሮ የሚኖር ዘመድ፣ የቤት ሠራተኛ ላይ ነው። ሠራተኛዋ ስትሞት "አይመለከተንም" የሚል ደንብ እስካሁን አለ፤ ለእኔ ይህ ብቻ ሌላ እድር ለመፈለግ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ውዝፍ። ስንት ወር ያልከፈለ ነው የሚታገደው? ታግዶ ሲከፍል ከስንት ጊዜ በኋላ ነው አገልግሎት የሚያገኘው? ሦስተኛ፣ መግቢያው እንዴት ተሰላ? ትክክለኛው ስሌት የእድሩ ንብረትና ገንዘብ ለአባላቱ ቁጥር ሲካፈል ነው፤ 600,000 ብር ያለው ባለ 200 አባል እድር 3,000 ብር ቢጠይቅ አግባብ ነው። በክፍያ ከፋፍሎ የማይቀበል ግን አዲስ የተጋቡ ልጆችን በር ላይ እየመለሰ ራሱን ያስረጃል።

ማስረጀቱ ቀልድ አይደለም፣ በሒሳብ ይታያል። 200 አባል በወር 100 ብር ቢያዋጣ በዓመት 240,000 ብር ነው። ደንቡ የሁለቱንም ወገን ወላጆች ጨምሮ በየቤቱ በአማካይ 8 ሰው ከሸፈነ 1,600 ሰው አለ ማለት ነው። ከ100 ሰው አንዱ በዓመት ቢሞት 16 ሞት ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ 15,000 ብር ሲከፈል የወጣው 240,000 ነው። ካዝናው ባዶ፣ ለሸራ መጠገኛ ሳንቲም የለም። አባላቱ ሲያረጁ ሞቱ ወደ 20 ሲወጣ በየዓመቱ 60,000 ብር ይጎድላል። ለዚህ ነው በሳል እድሮች ለአባልና ለትዳር ጓደኛ ሙሉ፣ ለወላጅ ግማሽ የሚከፍሉት። ለሁሉም እኩል ብዙ ብር የሚሰጥ እድር ስታገኙ ከመደሰታችሁ በፊት የአባላቱን ዕድሜ ጠይቁ።

ገንዘቡ የት እንዳለም ጠይቁ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እንደ እድርና ዕቁብ ያሉትን ባህላዊ ስብስቦች አይመለከትም፤ ስለዚህ እድራችሁን ከላይ ሆኖ ሒሳቡን የሚመረምር ተቆጣጣሪ አለ ብላችሁ አትተኙ። ባንክ በእድሩ ስም ሒሳብ እንዲከፍት የምዝገባ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህን ያላደረገ እድር ገንዘቡን በገንዘብ ያዡ የግል ደብተር ያስቀምጣል። ገንዘብ ያዡ ታማኝ ቢሆንም ሟች ነው። እርሱ ባረፈ ቀን የ200 ቤት ገንዘብ ከውርሱ ጋር ተቀላቅሎ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በእድሩ ስም የተከፈተ፣ ከሦስት ፈራሚ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ከሌለ አትግቡ።

አሁን ድንኳኑ ፈርሷል፤ የወረቀቱ ተራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ የማስመዝገቡ ግዴታ በቅድሚያ ከሟቹ ጋር አብሮ የሚኖረው ሰው ላይ ነው። በአዲስ አበባ የሚመዘገበው በወረዳው የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ነው። ችግሩ ቀኑን ሳይሆን ልማዱን ይመለከታል፦ ቤተሰቡ "አርባው ይውጣ" ይላል፣ 40 ደግሞ ከ30 ይበልጣል። ሰውየው ሆስፒታል ካረፈ ማስረጃው ከዚያው ይገኛል፤ አስከሬኑ ሲወጣ አብራችሁ ተቀበሉት። ቤት ካረፈ ወረዳው የሚፈልገውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእድሩን ጸሐፊ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በሳምንቱ ውስጥ ማጻፍ አይጎዳም። ጥሩ ጸሐፊ ሳትጠይቁት ያመጣላችኋል፤ እንዲህ ያለ ጸሐፊ ከድንኳን ይበልጣል።

የሞት ምስክር ወረቀቱ የሚፈለገው ለወራሽነት ማረጋገጫ፣ ለባንክና ለጡረታ ነው። ሟቹ ጡረታ የሚወስድ ወይም ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ከነበረ የትዳር ጓደኛ 50 በመቶ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ የተተኪ አበል ያገኛል። በተግባር የሚያዘገየው የስም አጻጻፍ ነው፦ መታወቂያው ላይ "ኃይለ"፣ የቅጥር ደብዳቤው ላይ "ኃይሌ" ካለ ጉዳዩ ለወራት ይንከባለላል። የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሌላት ሚስት ደግሞ ፍርድ ቤት ትሄዳለች፤ 30 ዓመት አብረው ኖረው በአንድ እድር መዝገብ "ባልና ሚስት" ተብለው መጻፋቸው ለምስክርነት ይረዳታል እንጂ የጋብቻውን ወረቀት አይተካም። የድሮ የእድር መዝገቦችን የምትጥሉ ጸሐፊዎች፣ ተዉ።

እድር የማይችለው ነገር ደግሞ አለ፣ ይህን ማወቅ ለደንብ አውጪዎች ይጠቅማል። እድር የተሠራው አንድ ቤት ሲያዝን 199ኙ እንዲያጽናኑ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ምሽት ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት ቀባሪውም ሐዘንተኛውም አንድ ሰፈር ነበር። በሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የሆነው ደግሞ የባሰ ነው፦ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ሊያወጡ የሮጡትን ሁለተኛው ናዳ ዋጣቸው፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ200 አለፈ። ሰው በእጁና በአካፋ ነበር የሚቆፍረው። በሁለቱም አጋጣሚ መንግሥት ብሔራዊ የሐዘን ቀናት አወጀ፤ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ማለቱ ተገቢ ነው፣ ለቆፋሪው ግን የሚያስፈልገው ቀድሞ የሚደርስ መሣሪያና "ከላይ ተሰንጥቋል፣ ውጡ" የሚል ጠባቂ ነው። ናዳ እንደ ቤት ቃጠሎ አንዴ ሆኖ አያበቃም። ዝናቡ ካላቆመ ከተረተሩ በላይ አንድ የሚያይና የሚጮህ ሰው ሳይቆም፣ ቆፋሪው በጥቂት በጥቂት ሰው በፈረቃ ሳይሆን፣ መግባት ሌላ ሬሳ መጨመር ነው።

በከተማው ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ቀን እድሮች ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ተግባራዊ ነገር ከጎረቤት ሰፈር እድር ጋር ድንኳንና ድስት ለመዋዋስ አስቀድሞ መፈራረም ነው፤ አደጋ አንድ ሰፈር ሲመታ ሌላው ይቆማል። የእሳት አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን በዕቃ ቤቱ በር ላይ በቀለም መጻፍም አንድ ብሩሽ ብቻ ይጠይቃል። ስትደውሉ ታዋቂ ምልክት ተናገሩ፣ አንድ ሰው ዋናው መንገድ ላይ አቁሙ፣ መኪናው የማያልፍበትን ቅያስ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

በሽታ ሌላው ጉድለት ነው። ቤት የሚያራቁተው ከሞቱ በፊት ያለው የሕክምና ወጪ ሆኖ ሳለ እድር የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን አንዳንድ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመ አባል ከቀብሩ ገንዘብ ቀድመው መስጠት ጀምረዋል፤ አንቀጹ ቢጠየቅ የሚገኝበት እድር አለ። ሰፊውን ክፍተት ለመሙላት የታሰበው ግን በ2003 በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው፦ መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት አንዴ ይከፍላል፣ በጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይታከማል። ምዝገባው በዓመት በተወሰነ ወቅት ብቻ ስለሆነ ታሞ ልመዝገብ ያለ አይሳካለትም፤ ይህ ጭካኔ አይደለም፣ ታማሚ ብቻ የሚገባበት መድን በአንድ ዓመት ይከስራል። እውነተኛው ቅሬታ መድኃኒት ቤቱ "አልቋል" ሲል ከውጭ በኪስ መግዛቱ ላይ ነው፤ እንዲህ ሲሆን ደረሰኙን ያዙና ተመላሽ ይኖር እንደሆነ የመድኑን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

የመጨረሻው ነጥብ መፈናቀል ነው። ሰፈር ሲፈርስና ነዋሪው በአራት የኮንዶሚኒየም ሳይት ሲበተን እድሩ ካዝናው ሞልቶ ሰው ያጣል። የቀድሞው ሰፈር አባላት በቴሌግራም ተሰባስበው ብር ብቻ የሚልኩበት እድር ለቀብር ሰው አያመጣም፤ ከአዲሱ ብሎክ እድር ጋር ደርቦ መያዝ ያስፈልጋል። የብሎኩ እድር ደግሞ ድንኳን የሚተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፣ ድስቱን የሚጥደው ኮሙናሉ፣ ማለትም የጋራ መገልገያ ቤቱ፣ ውስጥ ነው። ኮሙናሉ ለሱቅ ተከራይቶ እንደሆነ፣ መኪና ማቆሚያውም ሌሊት ማን እንደሚያስነሣው፣ ቁልፉም ከማን ጋር እንዳለ ከመፈረማችሁ በፊት ወርዳችሁ እዩ።